ድንኳናችሁ ወደየት እየተጠጋ ነው? በዓለም መሀል በእምነት ለመጽናት

ማንም ክርስቲያን ጠዋት ተነስቶ «ከዛሬ ጀምሮ እምነቴን ትቻለሁ» አይልም። ሰው የሚርቀው በዝግታ ነው። ራሱ አይታወቀውም፣ አጠገቡ ያሉትም ልብ አይሉም።

የሎጥን ታሪክ እዩት። ዘፍጥረት 13 ላይ ዓይኑን አንስቶ የዮርዳኖስን ሜዳ አየ፤ ለምለም ነው፣ ውኃ የጠገበ ነው፣ ለከብት ይመቻል። መረጠው፣ ድንኳኑንም እያዘዋወረ እስከ ሰዶም አደረሰ። ምዕራፍ 14 ላይ ሲማረክ ሰዶም ውስጥ ነዋሪ ሆኗል። ምዕራፍ 19 ላይ ደግሞ በከተማዋ በር ተቀምጦ እናገኘዋለን፤ በር ማለት ያኔ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ዳኝነት የሚሰጡበት፣ የከተማዋ ጉዳይ የሚያልቅበት ቦታ ነው። ከእነዚህ እርምጃዎች አንዱም ብቻውን ሲታይ ኃጢአት አይመስልም። ግጦሽ ፍለጋ ነው፣ ሰፈር መቀየር ነው፣ ሥራ ነው። የሚገርመው 2ኛ ጴጥሮስ 2፥7-8 ሎጥን ጻድቅ ይለዋል፣ በሚያየውና በሚሰማው ነፍሱ ዕለት ዕለት ትጨነቅ እንደነበርም ይናገራል። እየተጨነቀም ግን እዚያው ኖረ። «እኔ እኮ ይከብደኛል፣ ደስ አይለኝም» ማለት ብቻውን ከየትም አያወጣም ማለት ነው።

ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ትልቁ ፈተና ፊት ለፊት ሲመጣ እንዴት ጀግና እንደሚኮን አይደለም። ወሳኙ ነገር የሚያልቀው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው፣ ማንም በማያየው ትንንሽ ነገር ላይ።

ከሰው መሸሽ አይደለም

አንዳንዱ «ከዓለም መለየት» ሲባል ከማያምኑ ሰዎች ጋር ሻይ አለመጠጣት ይመስለዋል። ጳውሎስ ራሱ ይህን ስህተት አርሟል። 1ኛ ቆሮንቶስ 5፥9-10 ላይ የዚህን ዓለም ሴሰኞችና ስግብግቦች ጨርሳችሁ አትቅረቡ ማለቴ አይደለም፣ እንደዚያማ ቢሆን ከዓለም መውጣት ነበረባችሁ ይላል። ኢየሱስም ዮሐንስ 17፥15 ላይ ደቀ መዛሙርቱን ከዓለም እንድታወጣቸው አልለምንም፣ ከክፉ እንድትጠብቃቸው እንጂ ብሎ ነው የጸለየው። ደግሞስ መሸሽ ቢቻል የት ይደረሳል? አባ እንጦንስ ሁሉን ትቶ በረሃ ገባ፤ ታሪኩን የጻፈለት አትናቴዎስ እንደሚነግረን ግን ፈተናው እዚያም ተከትሎት ሄዷል።

1ኛ ዮሐንስ 2፥16 ዓለም ስለሚለው ነገር ሦስት ነገር ይጠራል፦ የሥጋ ምኞት፣ የዓይን አምሮት፣ ስለ ገንዘብም መመካት። ልብ በሉ፣ ሦስቱም ውስጣችን ያሉ ናቸው። ሦስቱም ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ገብተው፣ ነጭ ለብሰው፣ ፊት ወንበር ላይ ሊቀመጡ ይችላሉ። እኔ በበኩሌ ስለ ዓለማዊነት የሚደረገው ወሬ ዘጠና በመቶው ስለ ዘፈንና ስለ አለባበስ መሆኑ ያሳዝነኛል። እነሱም ቦታ አላቸው፤ ግን ዘፈን የማይሰማ፣ ልብሱ የተስተካከለ፣ ደሞዝተኛውን የሚበዘብዝ ሰው ከዓለም ተለየ አይባልም።

አሁን የት እንዳላችሁ እወቁ

ጸጥ ያለ ጊዜ ፈልጉና ወረቀት ያዙ። ስልክ ላይ ሳይሆን ወረቀት ላይ። ጥያቄዎቹ ከባድ አይደሉም፣ መልሳቸው ነው ከባዱ።

ድሮ ይረብሸኝ የነበረ፣ አሁን ግን ምንም የማይመስለኝ ነገር ምንድን ነው? ይህ ዋናው ጥያቄ ይመስለኛል። አንዳንዱ መልስ ጤናማ ነው፤ ድሮ ያለ ምክንያት ትጨናነቁበት የነበረ ነገር ሊሆን ይችላል፣ ብስለት ነው። አንዳንዱ ግን ሕሊና ደንዝዞ ነው። ልዩነቱን ለማወቅ ያንን ነገር ለምታከብሩት አማኝ ሳታፍሩ ልትነግሩት ትችሉ እንደሆነ ራሳችሁን ጠይቁ።

ቀጥሎ፦ ማንም እንዳያይብኝ የምደብቀው ምንድን ነው? ገንዘብ ሲተርፈኝ መጀመሪያ የት ይሄዳል? ብቻዬን ስሆን፣ ሲደክመኝ፣ ስናደድ እጄ ወደ ምን ይዘረጋል? የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ ታወጣለች። ሰው ደክሞት የሚሸሸግበት ነገር ብዙ ጊዜ ልቡ ያደረበት ነው።

የጻፋችሁትን ሁሉ በአንድ ሳምንት ላስተካክል አትበሉ። አንድ ምረጡ። ሁሉን በአንዴ የያዘ ሁሉን በአንዴ ይለቃል።

ቀድማችሁ ወስኑ

ዳንኤል 1 ለዚህ ጉዳይ ከሁሉ የሚጠቅም ምዕራፍ ነው፤ ዝርዝሩን ግን ብዙዎቻችን እናልፈዋለን። ዳንኤል ወጣት ሆኖ ተማርኮ ባቢሎን ገባ። ስሙን ቀይረው ብልጣሶር አሉት፣ ዝም አለ። የከለዳውያንን ቋንቋና ትምህርት ተማር አሉት፣ ተማረ፤ ጎበዝም ሆነ። በንጉሡ መብልና ጠጅ ላይ ግን በልቡ ወሰነ። ሁሉን አልተቃወመም፣ ሁሉንም አልተቀበለም። መስመሩ የት እንዳለ ማዕዱ ፊቱ ከመቅረቡ በፊት ያውቅ ነበር።

አኳኋኑንም እዩልኝ። አልጮኸም፣ ሳህን አልገለበጠም፣ አብረውት የሚበሉትን አልዘለፈም። የጃንደረቦቹን አለቃ በትህትና ለመነ። ሰውየው ለራሱ አንገት ሲፈራ ደግሞ ዳንኤል አለቃው በላያቸው ወደ ሾመው ጠባቂ መፍትሔ ይዞ ሄደ፦ 10 ቀን ጥራጥሬና ውኃ ስጠንና ፊታችንን አይተህ ፍረድ አለው። ጽኑ አቋም እና ጨዋ አንደበት አብረው ይሄዳሉ ማለት ነው። አንዳንዶቻችን ሻካራነትን ጽናት እያልን እንጠራዋለን፤ አይደለም።

ይህን በራሳችሁ ሕይወት ማድረግ ከፈለጋችሁ ውሳኔያችሁን «እንዲህ ከሆነ እንዲህ አደርጋለሁ» ብላችሁ ጻፉ። «ታማኝ እሆናለሁ» ብሎ መጻፍ ምንም አይጠቅምም፣ ጭብጥ የለውምና። «አለቃዬ ያልተሠራ ሥራ ተሠርቷል ብለህ ፈርም ካለኝ አልፈርምም፣ የተሠራውን ብቻ ለይቼ እፈርማለሁ እለዋለሁ» ይባላል። «ደንበኛ ሲደውል የለም በለው ብባል፣ አሁን ሊያናግርህ አይችልም እላለሁ።» «ውሎ አበል ላልሄድኩበት ቀን ቢሰላልኝ እመልሳለሁ።» ቃሉ ራሱ አፋችሁ ላይ ዝግጁ ይሁን፤ በድንጋጤ ሰዓት ሰው አዲስ ዓረፍተ ነገር መፍጠር አይችልም፣ የለመደውን ነው የሚናገረው።

የሥራ ቦታን ደጋግሜ ያነሳሁት ያለ ነገር አይደለም። የእምነታችን ትልቁ መፈተኛ እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ። በ112 ዓ.ም. ገደማ ፕሊኒ የሚባል የሮም አገረ ገዥ፣ በዛሬዋ ቱርክ ሰሜናዊ ክፍል ሆኖ፣ ስለ ክርስቲያኖች ለንጉሠ ነገሥቱ ለትራያን ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ሰውየው ወዳጅ አይደለም፤ እየመረመረ፣ እንቢ ያሉትንም እያስገደለ ነው የጻፈው። የያዛቸው ሰዎች ስለ ቀድሞ ልማዳቸው የነገሩትን ሲያስተላልፍ፣ በተወሰነ ቀን ሳይነጋ ተሰብስበው ለክርስቶስ እንደ አምላክ ይዘምሩ እንደነበር ይገልጻል። ከዚያም በመሐላ ይተሳሰሩ ነበር፤ መሐላውም እንዳይሰርቁ፣ እንዳያመነዝሩ፣ ቃላቸውን እንዳያጥፉ፣ አደራ የተሰጣቸውን ሲጠየቁ እንዳይክዱ ነው። አደራ አለመካድ! በዚያ ዘመን ከዓለም መለየት ማለት የሰው ገንዘብ እጅህ ላይ ሲሆን መመለስ ነበር። ዛሬም ያው ነው።

ዋጋ አያስከፍልም እያልኩ አይደለም። ዕድገት ሊያልፋችሁ፣ «ጻድቁ መጣ» ሊባልባችሁ ይችላል፣ ሥራ እስከ መልቀቅም ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ የሚቻል ከሆነ ለጥቂት ወር የሚያቆያችሁን ገንዘብ አስቀምጡ፣ ከአቅም በላይ ዕዳ አትግቡ። መንፈሳዊ ምክር ላይመስል ይችላል። ግን ደሞዙ ለአንድ ወር ቢቀር የሚወድቅ ሰው «አልፈርምም» ለማለት እጥፍ ይከብደዋል።

ሁሉም ቤት ግን አንድ ዓይነት አይደለም። አብድዩ በአክዓብ ቤት፣ ኤልዛቤል በምትገዛበት ግቢ አዛዥ ሆኖ ሠርቷል፤ እዚያው ተቀምጦ 100 ነቢያትን ሃምሳ ሃምሳ አድርጎ በዋሻ ደብቆ መገባቸው፣ 1ኛ ነገሥት 18 ላይ አለ። ስለዚህ «ቦታው ክፉ ነው» ማለት ሁልጊዜ «ልውጣ» ማለት አይደለም። ጥያቄው እዚያ ሆኜ ክፉውን እንድሠራ እገደዳለሁ ወይስ በጎ ለመሥራት ቦታ አለኝ የሚለው ነው።

ስልኩ

ስለ ስልክ የማይመክር የለም፣ ስለዚህ የሚሠራውን ብቻ ልናገር። ፌስቡክ፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብ የምትወዱትን ብቻ አይደለም የሚከታተሉት፤ የት ቪዲዮ ላይ እንደቆያችሁም ያያሉ። ዓይናችሁ የቆየበትን ነገር ጨምረው ያመጡላችኋል። «አልወደድኩትም እኮ፣ ዝም ብዬ ነው ያየሁት» አያስጥልም። የዓይን አምሮት የሚለውን ነገር እንደዚህ የሚያመርት መሣሪያ ያኔ አልነበረም።

ስለዚህ ቀጣዩ ቪዲዮ በራሱ እንዲጀምር የሚያደርገውን ማስተካከያ አጥፉት። ማሳወቂያዎችን ዝጉ፣ ሰው ሲደውልና ሲጽፍ ብቻ ይሰማ። ስልኩ ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደር፤ ለማንቂያ ደወል ብላችሁ ከሆነ ርካሽ የማንቂያ ሰዓት ግዙ። ይህን አንድ ነገር ብቻ ብታደርጉ እንኳ የሌሊቱም የማለዳውም ችግር በአንድ ጊዜ ይቀላል፤ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው የሚወድቀው ሌሊት ብቻውን ሆኖ ነው፣ ጸሎቱን የሚያጣውም ጠዋት ዓይኑን ሳይገልጥ ስልክ ሲያነሳ ነው።

የምትከተሏቸውንም ሰዎች አጥሩ። እርቃን የሚያሳዩትን ብቻ አይደለም ያልኩት። ካያችኋቸው በኋላ የራሳችሁ ቤት፣ ትዳር፣ ገጽታ የሚያስጠላችሁ ገጾች አሉ አይደል? እነሱንም። ደግሞ አንድ የማይወደድ ነገር ልጨምር፦ በእምነት ስም የሚሳደቡ፣ ሌላውን ቤተ እምነት በማዋረድ ተመልካች የሚሰበስቡ ገጾችም የዓለም መንፈስ ናቸው። ጥቅስ ስላለበት መንፈሳዊ አይሆንም። ገላትያ 5 የሥጋን ሥራ ሲዘረዝር ዝሙትን እንደሚጠራ ሁሉ ጥልን፣ ክርክርን፣ ቁጣንና መለያየትንም ጠርቷል።

ጓደኛና ይሉኝታ

እኛን የሚጥለን ብዙ ጊዜ ፍላጎት አይደለም፣ ይሉኝታ ነው። የማንፈልገውን እንጠጣለን፣ ባላመንበት ነገር እንስቃለን፣ ሰው ሲታማ እያወቅን አንገታችንን እንነቀንቃለን። «ምን ይሉኛል» የሚለው ድምፅ ከየትኛውም ስብከት ይበልጥ ይሰማናል።

መፍትሔው ጓደኛ መበተን አይደለም። ኢየሱስ ከቀራጮች ጋር ማዕድ ተቀምጧል፣ ተወቅሶበታልም። እርሱ በተቀመጠበት ማዕድ ግን ሰዎቹ ናቸው የተለወጡት። እናንተስ? ከአንድ ዓመት በፊትና አሁን ያላችሁን አስተያዩ፤ ከዚያ ስብስብ ጋር ስትውሉ ማን ወደ ማን እየተጠጋ ነው? እናንተ ወደ እነሱ ከሆነ ጓደኝነቱን ሳትቆርጡ የምትገናኙበትን ሁኔታ ቀይሩ። በምሽት ይገናኙ የነበሩ በቀን ይገናኙ፣ በቡድን የነበረው ለሁለት ይሁን። ሰው ብቻውን ሲሆን ሌላ ነው፤ በቡድን መሀል የሚያፌዝባችሁ ሰው ለብቻችሁ ስትሆኑ «እንዴት ነው ግን የምትጸልየው?» ብሎ ይጠይቃችኋል።

ለግብዣ እንቢ ስትሉ ረጅም ማብራሪያ አታብዙ። «አመሰግናለሁ፣ እኔ አልጠጣም» በቂ ነው። ፈገግ ብላችሁ። ምክንያት ባበዛችሁ ቁጥር ለክርክር በር ትከፍታላችሁ። ሐሜት ሲጀመር ደግሞ «እሱ በሌለበት ባናወራው ይሻላል» ማለት ይከብዳል፣ አውቃለሁ፤ ካልቻላችሁ የሚታማውን ሰው አንድ በጎ ነገር አንሱ። ወሬው ብዙ ጊዜ እዚያው ይበርዳል።

የሥጋ ፈተና ላይ አጭር ልበል፣ ምክሩ ራሱ አጭር ነውና። ሽሹ። 1ኛ ቆሮንቶስ 6፥18 ከዝሙት ሽሹ ይላል፣ ተከራከሩ አይልም። ዮሴፍ ልብሱን በሴትየዋ እጅ ጥሎ ነው የወጣው። ልብሱ በኋላ ለሐሰት ማስረጃ ሆኖ ወኅኒ አስገብቶታል፣ ቢሆንም ልመለስና ልውሰድ አላለም። ከዚያ በፊትም ዕለት ዕለት ስትወተውተው ከእርሷ ጋር መሆንን እንቢ ይል ነበር። «እኔ ጠንካራ ነኝ፣ ምንም አልሆንም» ብሎ ከማይገባ ሰው ጋር በር ዘግቶ መቀመጥ እምነት አይደለም።

ጸሎት፣ ንባብ፣ አንድ ሰው

እስካሁን ያልኩት ሁሉ አጥር ነው። አጥር ብቻ ያለው ባዶ ግቢ ግን ማንንም አያኖርም። ማቴዎስ 12 ላይ ርኩሱ መንፈስ ተመልሶ ሲመጣ ቤቱን ተጠርጎና አጊጦ ግን ባዶ ሆኖ ነው ያገኘው፤ የሰውየውም መጨረሻ ከፊተኛው ባሰ።

ዳንኤል በቀን 3 ጊዜ ይጸልይ ነበር። የንጉሡ አዋጅ ከወጣ በኋላ ያደረገውን ስታዩ አዲስ ነገር አልጀመረም፤ ቀድሞ ያደርግ እንደነበረው ነው ያደረገው ይላል፣ ዳንኤል 6፥10። የአንበሳው ጉድጓድ ላይ የታየው ጽናት በተራ ቀናት የተሠራ ነው። እናንተም ስሜት እስኪመጣ አትጠብቁ፤ ሰዓትና ቦታ ወስኑለት። አጭር ይሁን። በየቀኑ የሚደረግ ትንሽ ጸሎት በወር አንዴ ከሚመጣ ለቅሶ ይሻላል። ስታነቡም ምዕራፍ ለመጨረስ አትሩጡ፤ ያነበባችሁት ነገር ዛሬ ከማን ጋር እንዴት ሁኑ እንደሚል አንድ ነገር ይዛችሁ ውጡ።

ደግሞ ብቻችሁን አትሁኑ። ዕብራውያን 10፥25 መሰብሰባችሁን አትተዉ ይላል። ግን በትልቅ ጉባኤ መሀል ተቀምጦ ማንም የማያውቀው ሰው መሆን ይቻላል። ስለዚህ አንድ ሰው ይኑራችሁ፤ የንስሐ አባት፣ እህት፣ ወንድም፣ በእምነት የበሰለ ጓደኛ። ምስጢር የሚጠብቅ ይሁን፣ የማይደነግጥ ይሁን፣ ከሁሉም በላይ ግን ደፍሮ የሚጠይቅ ይሁን። «ያ ነገር እንዴት ሆነ?» ብሎ የሚጠይቃችሁ ሰው ከሌለ ሰው የላችሁም ማለት ነው። ፈቃድ ስጡት፦ «ዝም ካልኩህ ደውልልኝ።»

ስትወድቁ

ትወድቃላችሁ። ምሳሌ 24፥16 ጻድቅ ሰባት ጊዜ ይወድቃል ይነሣማል ይላል።

2ኛ ጢሞቴዎስ 4 ላይ ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ቁጥር 10 ላይ ዴማስ የአሁኑን ዓለም ወዶ ትቶኛል፣ ወደ ተሰሎንቄም ሄዷል ይላል ጳውሎስ። ይኸው ዴማስ በቆላስይስና በፊልሞና መልእክቶች ሰላምታ ከሚልኩት የጳውሎስ ባልደረቦች አንዱ ነበር። ቁጥር 11 ላይ ደግሞ ማርቆስን ይዘኸው ና፣ ለአገልግሎት ይጠቅመኛል ይላል። ማርቆስም እኮ ጥሎ የሄደ ሰው ነው! በጵንፍልያ ትቷቸው ተመልሷል፣ በእርሱ ምክንያት ጳውሎስና በርናባስ ተለያይተዋል፣ ሐዋርያት ሥራ 15 ላይ አለ። ሁለቱም ጥለው ሄደዋል። አንዱ ተመለሰ።

ስለዚህ ስትወድቁ «መጀመሪያ ትንሽ ልስተካከልና እመለሳለሁ» አትበሉ። ያ ትንሽ ጊዜ ወር ይሆናል፣ ከዚያ ዓመት። በዚያው ቀን ጸልዩ፣ አፋችሁ ቢተሳሰርም። በዚያው ሳምንት ለዚያ ሰው ንገሩት። በምን በኩል እንደገባባችሁም እዩ፤ ደክሟችሁ ነበር? ተጣልታችሁ ነበር? ሰዓቱ ስንት ነበር? የወደቃችሁበትን መንገድ ካልዘጋችሁት በዚያው ይመጣል።

ያስቀየማችሁት ሰው ካለ ሄዳችሁ ይቅርታ ጠይቁት፣ «ግን አንተም» የምትለዋን ቃል ሳትጨምሩ። የወሰዳችሁት ገንዘብ ካለ መልሱ። ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ኢየሱስ ቤቱ ገብቶ ሳለ ነው፣ ሉቃስ 19። አራት እጥፍ ባትችሉ የወሰዳችሁትን ያህል፤ በአንዴ ካልሆነ በየወሩ። ባለቤቱ ከሞተ ለቤተሰቡ ስጡ፣ ጭራሽ የማይገኝ ከሆነ ደግሞ ለተቸገረ ሰው ስጡት፣ ማን እንደሰጠውም ሳይታወቅ።